የአሸዋ ሳጥኑ ክዳን

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ደም ግፊቴ ብቻ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት በምድር ባቡር ያገለገልኩ፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹን ከለገሃር ድሬዳዋ የመንገደኛ ባቡር እየነዳሁ የተመላለስኩ ሰው፣ ካራ ሰፈር ቁጭ ብዬ «ጨው ቀንሰሃል ወይ?» እየተባልኩ እውላለሁ። ልጆቼ ይጠይቁኛል፣ ጎረቤት ይጠይቀኛል፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስም ትጠይቀኛለች። ስለ ባቡር የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም። የኛዎቹ የናፍጣ ባቡሮች ከቆሙና አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከመጣ ወዲህማ፣ ምን እሠራ እንደነበር የምናውቀው እኔና የጡረታ ደብተሬ ብቻ ነን ብዬ ደምድሜ ነበር።

አንድ ቀን ሜሮን የምትባል ልጅ ደወለችልኝ። ባንክ ነው የምትሠራው፤ ቁጥሬን ከአንድ የድሮ ባልደረባዬ አግኝታ ነው። «ጋሽ ጌታሁን፣ እኛ የባቡር ወዳጆች ነን» አለችኝ። የባቡር ወዳጅ የሚባል ነገር እንዳለ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ባቡር ይነዳል፣ ይጠገናል፣ ያመልጣል፤ ወዳጅ አለው ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። የሚያታልሉኝ መስሎኝ ለልጄ ሁሉ ነገርኩ። ያም ሆኖ በቀጠሮው ቀን ኮቴን ለብሼ መገናኛ አንድ ካፌ ሄድኩ።

ስምንት ወጣቶች ሁለት ጠረጴዛ ገጥመው ጠበቁኝ። ጉድ ነው ያየሁት። አንዱ ልጅ እያንዳንዷን ሎኮሞቲቭ በቁጥሯ ይጠራል፤ ስንት ፈረስ ጉልበት እንዳላት፣ የትኛው ፋብሪካ እንደሠራት፣ መቼ ቀለሟ እንደተለወጠ በቃሉ ይዘረዝራል። «ተሳፍረህባት ታውቃለህ?» ስለው «አይ ጋሼ፣ እኔ ሕፃን ሆኜ ነው የቆመችው» አለኝ። ሰው ሳያይ የሚወደው እግዜርን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወደድኳቸው፣ ምን ልዋሽ።

ሜሮን ኮምፒውተሯን ከፍታ ፎቶ ታሳየኝ ጀመር። አብዛኛውን ያነሱት ፈረንጆች ናቸው። እኛ በሥራ ላይ ሳለን እነዚህ ሰዎች ጤነኛ አይመስሉንም ነበር፤ አገር አቋርጦ መጥቶ ቤተ መንግሥት ሳያይ፣ ሐይቅ ሳያይ፣ ናፍጣ የሚተፋ ብረት ሲያነሳ የሚውል ሰው ምን ይባላል? አሁን እነሱ አርጅተዋል፣ አንዳንዶቹም ሞተዋል፤ ልጆቻቸው የድሮውን ፎቶ ለሜሮን በኢሜይል ይልኩላታል። እሷና ጓደኞቿ ሲ.ኤም.ሲ አንድ አዳራሽ ተከራይተው በወሩ መጨረሻ ኤግዚቢሽን ሊከፍቱ ነው። እኔን የፈለጉኝ በፎቶው ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ ቦታው የት እንደሆነ እንድነግራቸው ነው።

እኔማ ተከፈትኩላቸው። ይሄ ድልድይ እንዲህ ነው፣ ይሄ የጣቢያ ሹም እንዲህ ያለ አመለኛ ነበር፣ ይቺ ሎኮሞቲቭ ጠዋት ጠዋት ካልለመኗት አትነሳም እያልኩ ሻይ ሲቀዘቅዝብኝ አላወቅኩም። ሰው አርባ ዓመት ያጠራቀመውን ወሬ የሚያዳምጠው ሲያገኝ እንዴት እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል።

የተወለድኩት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባህር ዛፉ መሃል ነው። አባቴ ገብስና ድንች የሚያመርት ሰው ነበር። ጠዋት ንፋስ ከሌለ የባቡሩ ጥሩምባ ከታች ከከተማው እኛ ድረስ ይሰማል። እናቴ ሰዓት አልነበራትም፤ «ተነሱ፣ ባቡሩ ሄደ» ብላ ነው የምትቀሰቅሰን። የት እንደሚሄድ ስጠይቃት «ወደ ሙቀት» ትለኝ ነበር፤ ለእንጦጦ ልጅ ከዚህ በላይ የሚያስጎመጅ ነገር የለም።

ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ የአጎቴ ልጅ ለገሃር አስገባኝ። መጀመሪያ ጽዳት ነበርኩ፤ የሞተር ዘይት በጨርቅ መጥረግ ነው ሥራዬ። ደሞዙን ተዉት፤ ለእናቴ ስኳር የምገዛበት ይተርፈኝ ነበር። ቀጥሎ ድሬዳዋ ወርክሾፕ ተላክሁ። እናቴ ያለችው ሙቀት እዚያ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንጦጦን እያሰብኩ አለቅስ ጀመር። አለቃችን አቶ ተፈራ ሰዓቱን በሰንሰለት ያሰረ፣ ለአምስት ደቂቃ መዘግየት አምስት ገጽ ሪፖርት የሚያስጽፍ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ቁልፍ ስፈልግ ባቡር አዘግይቼ በሠራተኛ ሁሉ ፊት ያወረደብኝን ስድብ እስከ ዛሬ በቃሌ ልወጣው እችላለሁ። ከሱ የተማርኩት ነገር ቢኖር መዘግየትን እንደ ጅብ መፍራት ነው። ይሄ ፍርሃት በኋላ ጉድ ሠራኝ።

ሰው ያደረጉኝ ጋሽ ዩሱፍ ናቸው። የድሬዳዋ ተወላጅ፣ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ ከማለት ይልቅ የሚቀንስ ነጂ ነበሩ። ረዳታቸው ሆኜ ስመደብ «ሻይ በስኳር ነው ያለ ስኳር?» ብለው ነው የተቀበሉኝ። ከፔርሙሳቸው መጀመሪያ የሚቀዱት ለረዳታቸው ነው። ሌላው ነጂ ረዳቱን ዕቃ ሲያሸክም፣ እሳቸው «አንተ ካልነቃህ እኔ ምን ይጠቅመኛል» እያሉ እኔን ያጠጣሉ።

ሌላ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ይታጠባል፤ ጋሽ ዩሱፍ የሚታጠቡት ሊጀምሩ ሲሉ ነው። እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ፈትገው ነው ካቢን የሚወጡት። ምክንያቱ ገብቶኝ አያውቅም ነበር፤ ቆይቼ ሳይ ግን ሥራውን የሚሠሩት በእጃቸው ነው። ጣቢያ በቆምን ቁጥር ወርደው የእያንዳንዱን ጎማ መያዣ በመዳፋቸው ይነካሉ፤ ከሌሎቹ ትንሽ የሚሞቅ ካገኙ ስሙን የሚጠሩት ይመስል «እ፣ አንተ?» ይሉታል። የሞተሩንም ሁኔታ መጀመሪያ በጆሯቸው ሰምተው ነው መለኪያዎቹን የሚያዩት። እኔን ደግሞ ዐይንህን ጨፍን እያሉ፣ የትኛው ድልድይ ላይ እንዳለን በድምፁ ካልነገርኳቸው ወንበራቸው ላይ አያስቀምጡኝም ነበር። ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።

ከሁሉም የሚገርሙት ግን አሸዋ ላይ ነው። ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሐዲዱ ብረት ነው፣ ጎማውም ብረት ነው። ዝናብ ሲጥል ፍሬን ብትይዙ ጎማው መሽከርከሩን ያቆማል፣ ባቡሩ ግን እየተንሸራተተ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሎኮሞቲቭ የአሸዋ ሳጥን ያላት። ነጂው ፔዳል ሲረግጥ አሸዋ በቱቦ ወርዶ ከጎማው ፊት ሐዲዱ ላይ ይረጫል፤ ያኔ ጎማው ሐዲዱን ቆንጥጦ ይይዛል። ታዲያ አሸዋው አጥንቱ ድረስ የደረቀ መሆን አለበት። ግማሽ በርሜል ላይ በእሳት ይቆላል፣ ይነፋል፣ ከዚያ ይጫናል። ጋሽ ዩሱፍ ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ጭብጥ አንስተው ጆሯቸው ሥር ያሹታል። ደርቆ ከሆነ ይንሿሿል፤ ትንሽ እርጥበት ካለው ያ ድምፅ አይሰማም። ሰምተው ሲጠግቡ «ተረክቤያለሁ» ይላሉ። በኛ ደንብ ነጂው ይቺን ቃል ከተናገረ በኋላ አሸዋው ላይ የሚደርስ ነገር ሁሉ በሱ ስም ነው የሚጻፈው። አብሬያቸው በሠራሁበት ዘመን በዚህ አንድም ቀን አልተሳሳቱም።

ይሄን ሁሉ ለልጆቹ እያወራሁ ሳለ ሜሮን አንድ ፎቶ ከፈተች። በቀለም የተነሳ ነው። ለገሃር፣ ክረምት፣ ዝናብ። ሎኮሞቲቯ ቆማለች። ፊቷ ላይ አንድ ጎረምሳ ኮፍያውን ጠመም አድርጎ፣ አንድ እጁን መወጣጫው ብረት ላይ አሳርፎ፣ ጥርሱን ያሳያል።

«ውይ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለች ሜሮን። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ፎቶውን አቀረበችው። «አንድ ዲቴይል ግራ ገብቶናል ጋሼ። እዚህ ላይ ያለው ክዳን ተከፍቷል። በሌሎቹ ፎቶዎች ሁሉ ዝግ ነው። ለምንድነው?»

ያ የፊተኛው የአሸዋ ሳጥን ክዳን ነው። «አየር እንዲገባው ነው» አልኳት። እሷም አምናኝ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ያ የጻፈችበት እስክሪብቶ ዐይኔ ላይ ነበር።

እውነቱ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ ተለውጦ፣ ጣቢያ ውስጥ ካሜራ ማውጣት ከማያሳስርበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ጋሽ ዩሱፍ አሸዋውን አሽተው፣ ሰምተው፣ «ተረክቤያለሁ» ብለው የጉዞ ወረቀት ለመቀበል ወደ ጣቢያ ሹሙ ቢሮ ሄዱ። እኔ የፊተኛውን ሳጥን ሞላሁ። ክዳኑን ልገጥም ስል አንድ ረጅም ፈረንጅ ካሜራውን በጃንጥላ ሸፍኖ ከታች በእጁ ጠራኝ፤ ውረድና ፊቷ ቁም ነው የሚለኝ። ካፊያ ብቻ ነበር። ለአንድ አፍታ ነው ብዬ ወረድኩ።

ታዲያ እንደ ዛሬ ስልክ ጠቅ አድርጎ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ። ሌንሱን ይጠርጋል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወደ ፊት ይመጣል፣ አንገቴን ቀና እንዳደርግ ያሳየኛል። በዚህ መሃል ካፊያው ዶፍ ሆነ። እኔ እንደ ሙሽራ ቆሜያለሁ። በሕይወቴ ሰው ፎቶ ላንሳህ ብሎ ለምኖኝ አያውቅም ነበር።

ስመለስ ከጣቢያው ጣሪያ ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። አላየሁም ማለት አልችልም፤ አይቻለሁ። እጄን ከተትኩ፤ ላይ ላዩ ጭቃ ሆኗል። የመነሻው ደወል ተደውሏል። ጋሽ ዩሱፍ ይሄን ከሰሙ ሳጥኑን አራግፈው እንደ አዲስ ሳያስሞሉ ንቅንቅ እንደማይሉ አውቃለሁ። ግማሽ ሰዓት መዘግየት ማለት ነው፤ ምክንያት ተብሎ የሚጻፈው ደግሞ ረዳቱ ፎቶ ሲነሳ የሚል ነው። አቶ ተፈራ ከድሬዳዋ ሆኖ ሲጮህ ተሰማኝ። «ከሥር ደረቅ ነው» አልኩ ለራሴ። ክዳኑን ገጠምኩ። ካቢን ስገባ ጋሽ ዩሱፍ «ሁሉም ደህና?» አሉኝ። «ደህና» አልኩ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ አንዲት ትንሽ ጣቢያ አለች። እዚያ የሚጠብቀን የዕቃ ባቡር ወደ ጎን ሐዲዱ በደንብ አልገባም፤ የመጨረሻው ፉርጎ ወደኛ መስመር ወጣ ብሏል። ቀይ ባንዲራ እያውለበለቡ ነበር። ጋሽ ዩሱፍ እንደ ልማዳቸው ቀድመው ፍሬን ያዙ። ጎማው ተቆለፈ፤ እኛ ግን እንሄዳለን። ፔዳሉን ረገጡት። «አሸዋ» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ አየሁ፤ ከቱቦው አንዲት ፍሬ አይወርድም። ደጋግመው ረገጡት። ያ ሁሉ ብረት እንደ ሳሙና እየሄደ ፉርጎው ላይ ወጣ።

ፉርጎው ሽንኩርት ጭኖ ነበር። ሐዲዱ፣ ጣቢያው፣ ሜዳው ሁሉ ሽንኩርት ሆነ። ተመስገን ሰው አልሞተም፤ ብዙ ሰው ግን ተላተመ፣ የአንዲት እናት ክንድ ተሰበረ። የሴትዮዋን ጩኸት አልረሳውም። ጋሽ ዩሱፍ ከካቢን ወርደው እስክትጫን ድረስ ጭንቅላቷን ደግፈው ይዘዋት ነበር።

ሦስት መርማሪዎች መጡ። ሳጥኑ ሲከፈት አሸዋው እንደ ሊጥ ተጣብቆ የቱቦውን አፍ ደፍኖታል። «ማን ነው የመረመረው?» ተባለ። «እኔ ነኝ። ተረክቤያለሁ ብያለሁ» አሉ ጋሽ ዩሱፍ። መርማሪዎቹ ወደኔ ዞረው «ስትነሱ ክዳኑ ዝግ ነበር?» አሉኝ። «ዝግ ነበር» አልኩ። ስንነሳ ዝግ ነበር፤ ቃሉ ውሸት የለበትም። በሕይወቴ ከዚያ የከፋ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ቅጣቱ ቀላል ነበር፤ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለፏቸው። ራሳቸውን የቀጡት እሳቸው ናቸው። በሳምንቱ አለቆቹ ዘንድ ገብተው «እጄ አሳስቶኛል። ያን ሁሉ ሰው ከኋላዬ ጭኜ በማይታመን እጅ አልነዳም» ብለው ቁልፋቸውን አስረከቡ። ቢለምኗቸው እምቢ አሉ። ጡረታ እስኪወጡ ለገሃር ጋራዥ ውስጥ አሸዋ ሲቆሉ ኖሩ። እሱንም ቆልተው ሲጨርሱ ከእንግዲህ በራሳቸው ጆሮ አያምኑም፤ የሚያልፈውን ሁሉ እየጠሩ «እስቲ አንተ ስማልኝ» ይሉ ነበር። አንዳንድ ቀን የሚጠሩት እኔን ነበር።

የሳቸው ወንበር ለማን ተሰጠ መሰላችሁ? ለኔ።

ለምን አልነገርካቸውም ትሉኝ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ከሥራ መባረርን ፈርቼ ነው። ቀጥሎ ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነው። ከዚያ በኋላማ ዓመቱ ራሱ እየተቆለለ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ደግሞ እወዳቸዋለሁ። ኢድ ሲሆን ቤታቸው ሳልሄድ ቀርቼ አላውቅም። አባቴ ሲሞት በሚያማቸው ጉልበት እንጦጦን በእግራቸው ወጥተው ሦስቱን ቀን ከኔ ጋር ተቀምጠዋል። እዚያ ድንኳን ውስጥ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ውሃ ይጠጡ እንደሆን ጠየቅኳቸው።

ከካፌው ስብሰባ በኋላ በሳምንቱ ሜሮን ደወለች። «ጋሽ ጌታሁን፣ ጋሽ ዩሱፍን የክብር እንግዳ ልናደርጋቸው ደውለንላቸው ነበር። እኔ ባቡር ያጋጨሁ ሰው ነኝ፣ የምን ክብር ነው የምታወሩት ብለው ዘጉብን። እባክዎ እርስዎ ያናግሩልን። ደግሞ ያ የእርስዎ ፎቶ በጣም ስላማረ በትልቁ አትመን በሩ ላይ ልናደርገው ነው።»

ሌላ ፎቶ ምረጪ ብላት ትሰማኝ ነበር። ልላትም ከጅሎኝ ነበር። ግን ሰውዬው ሰማንያ ሊደፍኑ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ የሚባልበት ዕድሜ አይደለም። እጄ ከዳኝ ብለው እንዳመኑ ሊሞቱ ነው፤ እኔ ደግሞ ቀብራቸው ላይ ቆሜ ደግ ሰው ነበሩ ልል ነው። ለኔም አንድ ትንሽ አትሚልኝ አልኳትና በማግስቱ ጠዋት ይዤው ሲ.ኤም.ሲ ጋሽ ዩሱፍ ቤት ሄድኩ።

ጋሽ ዩሱፍ የሚኖሩት ከልጃቸው ከዘሃራ ጋር ነው። ዘሃራ ፋርማሲ አላት። የስኳር በሽታ ዐይናቸውን ከወሰደው አራት ዓመት ሆኖታል። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ከሰላምታ በኋላ ፎቶውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። ዳር ዳሩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ምንድነው?»

«ፎቶ ነው ጋሽ ዩሱፍ። ያቺ ሎኮሞቲቭ ናት። ለገሃር፣ የሽንኩርቱ ቀን ጠዋት።»

ጣታቸው ቆመ። «ማን አለበት?»

«እኔ አለሁበት። ፊቷ ቆሜ።»

«ሌላስ?»

እዚህ ላይ «ሌላ ምንም የለም» ብል ማንም አይከሰኝም። አያዩትም። ዘሃራም ብታየው ምን እንደሆነ አታውቅም። ግን «የፊተኛው የአሸዋ ሳጥን ክዳን ክፍት ነው» አልኩ።

«ዝናብ አለ?»

«ዶፍ ነው።»

«ከጣሪያው የሚወርደው የት ነው የሚያርፈው?»

«ሳጥኑ ላይ።»

«ከሞላኸው በኋላ ነው በፊት?»

«ከሞላሁት በኋላ። ፎቶ ልነሳ ወርጄ ነው።»

«ስትመለስ አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ። እጄንም ከትቼ ነበር። ጭቃ ሆኖ ነበር።»

ድምፃቸው ይበልጥ ቀነሰ። «ሁሉም ደህና ስልህስ?»

«ደህና ነው አልኩዎት።»

ከታች ግቢ ውስጥ የሚጫወቱት ልጆች ኳሳቸው ከግድግዳ ጋር ሲላተም ይሰማል። ዘሃራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጋሽ ዩሱፍ መዳፋቸውን ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና በማያይ ዐይናቸው ወደሱ አቀረቀሩ።

«ያኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት መንዳት ቀርቶኝ ነበር።»

«ጋሽ ዩሱፍ፣ በአላህ ይሁንብዎ…»

«አላህን ተወው። እኔን ነው የበደልከኝ። ዘሃራ፣ ሸኚው።»

ዘሃራ እስከ ደረጃው አብራኝ መጣች። ተቆጥታ የምትናገረኝ መስሎኝ ነበር። «ልጅ ሆኜ ለምን ባቡር አትነዳም ስለው እጄን ታምሜ ነው ይለኝ ነበር» አለችኝ። «እጁን ገልብጬ ገልብጬ አየው ነበር፣ ጋሽ ጌታሁን። ምንም የለውም።» ከዚያ በሩን ዘጋችው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በስድሳ ሁለት ዓመቴ፣ የሰው ደረጃ ላይ።

ከዚያው በቀጥታ ሜሮን ወደምትሠራበት ባንክ ሄጄ ከፎቶው ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ በእጄ ጽፌ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እርግጠኛ ነዎት? ሰው ሁሉ ያየዋል እኮ። ፌስቡክ ላይም እንለጥፈዋለን።» «ለጥፉት» አልኳት። «አየር እንዲገባው ነው ያልኩሽንም ከደብተርሽ ሰርዢልኝ።» እያየኋት ሰረዘችው።

እስከ ኤግዚቢሽኑ ድረስ ከጋሽ ዩሱፍ ቤት ድምፅ አልሰማሁም። ሁለት ጊዜ ደውዬ ዘሃራ «ተኝቷል» አለችኝ። እንደማይመጡ እርግጠኛ ሆኜ ነበር። በመክፈቻው ቀን እኔም ለመቅረት ዳድቶኝ ነበር፤ ባለቤቴ ናት «ጽፈህ ጽፈህ ልትደበቅ ነው?» ብላ ያስወጣችኝ።

አዳራሹ ሞልቷል። የድሮ ሠራተኞች አሉ፣ ተማሪዎች አሉ፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች አሉ። አራት ሰዓት ገደማ ጋሽ ዩሱፍ በዘሃራ ክንድ ተይዘው ገቡ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ጫማቸው ተወልውሏል። ሰላም ልላቸው ተጠጋሁ፤ ዘሃራ ራሷን ነቀነቀችብኝ፣ አሁን አይደለም ለማለት። ሜሮን አበባ ይዛ መጣች። እሳቸው ግን «ያ ፎቶ የት ነው?» አሉ።

በሩ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ተሰቅሏል። ከፊቱ አቆሟቸው። «ምን ይላል? አንብቢልኝ» አሉ። ዘሃራ አነበበችላቸው፦

«ይህ ክዳን ክፍት የሆነው ረዳት ነጂው ጌታሁን ፎቶ ሊነሳ ወርዶ ስለተወው ነው። አሸዋው ረጥቦ ባቡሩ በዚያው ቀን ተጋጨ። ጌታሁን እያወቀ ዝም አለ። አሸዋውን ጠዋት የመረመሩት ነጂ ጋሽ ዩሱፍ አልተሳሳቱም። ሲረከቡት ደረቅ ነበር።»

«ድገሚው» አሉ። ደገመችው። «ወንበር አምጡልኝ።»

ወንበር መጣላቸው። ከፎቶው ጎን፣ የሚገባው ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ወጣት መጣ። የኮቴውን ድምፅ ሰምተው «ልጄ» አሉት፣ «እኔ ዐይኔ አያይም። እዚያ የተጻፈውን እስቲ ጮክ ብለህ አንብብልኝ።» ልጁ አነበበ። «ተባረክ» አሉት። ቀጥሎ ባልና ሚስት መጡ። «እስቲ አንብቡልኝ።» ቀጥሎ ከእንጦጦ የመጡ አንድ ቄስ፣ ቀጥሎ ትኬት ቆራጭ የነበረ የድሮ ባልደረባችን። አንዱ ተቻኩሎ ሲያነብ «ቀስ በል፣ የሚቸኩል ባቡር የለም» አሉት፤ ሰዉ ሳቀ። «ደረቅ ነበር» የሚለው ላይ ሲደርሱ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። አንዷ ሴትዮ አንብባ ስትጨርስ «ይሄ ጌታሁን የተባለው ሰውዬ በሕይወት አለ?» አለቻቸው። «አለ። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜ የምገባበት ጠፋኝ።

ስንት ሰው እንዳነበበው እንጃ። እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ድምፅ ስሜን ይጠራል፣ ጥፋቴን ይናገራል፣ የሳቸውን እጅ ነጻ ያወጣል። ሜሮን ሌላኛው ክፍል ውስጥ ለጋዜጠኛ ስታብራራ አየሁና፣ እሷ ሳታየኝ ውልቅ ልል በቀስታ ወደ በሩ መራመድ ጀመርኩ። ጋሽ ዩሱፍ አጠገብ ስደርስ ኮቴዬን አውቀው ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው ሞቅ ያለ፣ ጠንካራ ነው።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ትንሽ ላርፍ ብዬ ነበር።»

«ወንበር አምጣና እዚህ ተቀመጥ» አሉኝ። «ገና ብዙ ሰው ይመጣል።»

ወንበር አምጥቼ ጎናቸው ተቀመጥኩ። ክንዴን አለቀቁትም። ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ገብታ ፎቶው ፊት ቆመች፤ ጋሽ ዩሱፍ ቀና አሉና «ልጄ፣ እዚያ የተጻፈውን እስቲ ለሁለታችን አንብቢልን» አሏት።